ቤቶች!

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት። ጎንደር ከጥምቀት በኋላ እንዴት እንደምትሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እንግዳው ይመለሳል፣ የአልጋ ዋጋ ወደ ቦታው ይወርዳል፣ ከተማዋ ድግስ አሳልፋ እንደጨረሰች ሴት ወገቧን ይዛ ትቀመጣለች። ከአዲስ አበባ የሚነሡ ተጓዥ የኪነት ሰዎች ብቅ የሚሉት እንዲህ ባለው ሰሞን ነበር። የማወራችሁ ጦርነቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ስላለው ጊዜ ነው፤ መንገዱ መንገድ በነበረ ጊዜ።

ፒያሳ ላይ በየመብራት እንጨቱ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ስድስት ወጣቶች አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። በቴሌቪዥን የምትወዱትን ቤተሰብ በዘፈን ይዘንላችሁ መጥተናል የሚል ነገር ከሥር ተጽፏል። የትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» በዚያን ሰሞን በየቤቱ የሚታይ ሲትኮም ነበረና። እኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምር የነበርኩ ሰው ስለሆንኩ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ማየት ክብሬን የሚነካ ይመስለኝ ነበር። መጽሐፍ ፊቴ ላይ ገትሬ ከመጽሐፉ ጀርባ እሰማለሁ። ባለቤቴ ግን ገጹን እንደማልገልጥ ታውቃለች። «ጋሼ፣ ያቺን ገጽ በቃልህ ያዝካት አይደል?» ትለኛለች። እንግዲህ ወደ አዳራሹ የወሰደችኝም እሷ ናት።

የድራማው ስም ራሱ ብልሃት አለው። «ቤቶች!» የደጅ ጥሪ ነው። እንግዳ በራፍ ላይ ቆሞ፣ ውሻ እንዳይዘነጥለው ዱላውን አስቀድሞ፣ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ መልስ ሳይሰማ አይገባም። ባለቤቱና እንግዳው የሚለዩት በዚህች በአንዲት ቃል ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ወንበር ያጣ ግድግዳ ተደግፏል። ልጆቹ ክራር፣ ከበሮና አንድ ኪቦርድ ይዘዋል፤ መጋረጃቸው ከሁለት አንሶላ የተሰፋ ነው። የመጀመሪያው ልጅ የቤቱን አባወራ መስሎ ሲወጣ አንዲት ቃል አልተናገረም። ትከሻውን ብቻ እንዲህ አደረገ። አዳራሹ ፈረሰ። ማስመሰል ማለት መመሳሰል እንዳልሆነ ለተማሪዎቼ ስንቴ እንዳስረዳሁ! ልጁ ሰውየውን በቁመትም በመልክም አይመስልም። ከሰውየው አንዲት ነገር መርጦ፣ አጋንኖ፣ ሌላውን ሁሉ ጣለው። ሁላችንም ያቺን ትከሻ ሳናውቀው ለካ ስናያት ኖረናል።

ዘፈኖቹ ደግሞ የሌላ ሰው ዜማ ናቸው። ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን የፍቅር ዜማ ያነሡና ቃሉን ስለ ቀበሌ የስኳር ሰልፍ፣ ስለ መብራት መጥፋት ያደርጉታል። ሳቁ የሚመጣው ከዜማውና ከቃሉ ጠብ ነው። ዜማው «ሞትኩልሽ» ይላል፣ ቃሉ «ሁለት ኪሎ ደረሰኝ» ይላል። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ የእኛ ልጆች ብልሃት ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 ያዩትን «ፍሬንድስ» የሚባል ሲትኮም በ2017 በኒው ዮርክ በዘፈን እያላገጡ መድረክ ላይ አውጥተውት፣ ከዚያም በየከተማው ይዘውት ዞረዋል። ሰው የሚወደውን ነገር ሲላገጥበት ለማየት ገንዘብ ይከፍላል። የማይወደው ነገር ቢላገጥበትማ ምን ያስቀዋል?

እስከ ግማሽ ድረስ እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ። ከዚያ የቤት ሠራተኛዋ ወጣች።

ልጆቹ ለጎንደር ሰው ያዘጋጁት ስጦታ መሆኑ ነው፤ ሠራተኛዋን የጎንደር ባላገር አድርገዋታል። መቀነቷን ከፍ አድርጋ አስራ፣ ቃሉን እየጎተተች፣ በየአረፍተ ነገሩ መካከል እየጮኸች ትናገራለች። አነጋገሩ የጎንደር አልነበረም። ጎጃምም አይደለም፣ ወሎም አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ «ባላገር» ለሚባል ሰው የተሠራ፣ አገር የሌለው አነጋገር ነው። ከፊት ያሉት የከተማ ልጆች ሳቁ። ከኋላ በኩል፣ ከወገራና ከደምቢያ ለገበያም ለሕክምናም መጥተው ያመሹት ሰዎች ባሉበት በኩል፣ ሳቁ ቀዘቀዘ። እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ። እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩትን ሳልነግራችሁ የቀጠለውን ብነግራችሁ ነገሩ አይገባችሁም።

የኢትዮጵያ ድራማ ታሪክ የሚባል ኮርስ ሳስተምር የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ ለብዙ ዓመት አንድ ነበር። የአማርኛ ቴአትር በ1913 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ደራሲው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፤ ድርሰቱ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»። ታሪኩ ያምራል። ሰውየው በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻግረው፣ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው፣ የአውሮፓን መድረክ አይተው የተመለሱ ናቸው። አንድ ቀን ቴአትር አለ ተብለው ይሄዳሉ። የሚያዩት ዘፈንና ጭፈራ ነው። ይሄማ ቴአትር አይደለም፣ ቴአትርስ እንዲህና እንዲያ ነው ብለው ለወዳጆቻቸው ያስረዳሉ። እንግዲያው አንተው ጻፍልን ይባላሉ። ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው፣ አውሬዎቹን እያናገሩ የመንግሥቱን አሠራር የሚተች ቧልት ጻፉ። ቴራስ ሆቴል ውስጥ መኳንንቱ ባሉበት ታየ። ታዳሚው መጀመሪያ አራዊቱን አይቶ ሳቀ፣ ኋላ ራሱን አየ። ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት፤ የታተመውም ተሰበሰበ። እስከ 1923ቱ የንግሥ በዓል ድረስ የቴአትር ነገር ዝም አለ። ተክለ ሐዋርያት በዚያው ዓመት ግድም የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ኋላም በጄኔቫ ለአገራቸው የተሟገቱ ሰው ናቸው፤ የሕይወት ታሪካቸው በ1999 ዓ.ም. ታትሞ ያላነበበው ቢኖር ያንብበው።

እና አንድ ዓመት፣ ይህን ብዬ ስጨርስ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ዝምተኛ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ እሳቸው ሄደው ያዩት ዘፈንና ጭፈራ ታዲያ ምን ይባላል?» አለኝ። «ቅድመ ቴአትር» አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል ለመምህር ሲመጣለት ደስ ይላል። ልጁ ጻፈው፣ ቁጭ አለ። ከወራት በኋላ ጓደኛው ነገረኝ። ልጁ የቡርቧክስ ልጅ ነው። ቡርቧክስ በጎንደር ዙሪያ ያለች፣ ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድባት የአዝማሪዎች መንደር ናት። ልጁ በምዝገባ ቅጹ ላይ «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ «ገበሬ» ብሎ ጽፎ ኖሯል። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ የአባቱን ሥራ «ቅድመ» ብዬለታለሁ፣ እሱም ተቀብሎ ደብተሩ ላይ አስፍሮታል። ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ፤ ሳስብ ተመረቀ።

ተክለ ሐዋርያትን አልወቅሳቸውም። የፈለጉት ሌላ ነገር ነበር፣ ያንንም አምጥተውታል። የእኔ ጥፋት ግን እሳቸው በወጣትነታቸው የተናገሯትን ነገር ሰማንያ ዓመት ሙሉ ምንም እንዳልተማርን አድርጌ መድገሜ ነው። ሕዝቡ እኮ አልተቀበላትም! ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት የወጣው ዮፍታሔ ንጉሤ ቴአትሮቹን ያለ ዜማ አላቆመም። በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ማኅበር ማሲንቆውንም ቀረርቶውንም አጭር ቧልቱንም ባንድ ምሽት ያቀርብ ነበር። በደርግ ጊዜ በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች፣ የእኛውን ፋሲለደስን ጨምሮ፣ የሄዱበት መንገድ ያው ነው። የአገሬ ሰው ቴአትር ልይ ብሎ ሲወጣ ዘፈን ይጠብቃል፤ ዘፈን ውስጥ ደግሞ የሚላገጥበት ሰው ይጠብቃል።

ይህ የማላገጥ ሥራ በእኛ አገር ቀልድ ሆኖ አያውቅም። ጉር አምባን አስቡ። ደምቢያ ውስጥ፣ ከጎንደር እምብዛም ሳይርቅ፣ በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የተዋጉበት ነው። ከውጊያው በፊት የጎሹ አዝማሪ ካሣን እያስመሰለ ዘፈነበት። ጥቂት ሰው ይዞ ከታላቅ ጌታ ጋር ሊጋጠም የመጣ እብድ አደረገው፤ ሰፈሩ ሳቀ። ጎሹ ሞተ፣ ካሣ አሸነፈ፣ አዝማሪው ተያዘ። የቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ሰዎች እንደሚነግሩን፣ እንዴት አድርገህ ነው የሰደብከኝ ተብሎ ሲጠየቅ በግጥም መለሰ፤ ምላሱን ራሱ ከሰሰ፣ በራሱ ላይ ራሱ ፈረደ። ምሕረት ይገኝ እንደሆነ ብሎ ይሆናል። አልተገኘም፤ ተደብድቦ ሞተ።

ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር የማስበው ጭካኔውን ብቻ አይደለም። ካሣ ኃይሉ አንድ አዝማሪ ካጠገባቸው ሆኖ ባልሰሙት ዘፈን ነው የተቆጡት። ሰው ሰው አቀበላቸው ማለት ነው። ያ ዘፈን ከጎሹ ሰፈር ካሣ ሰፈር የደረሰው ያለ ቴሌቪዥን፣ ያለ ማስታወቂያ ነው። ከዚህ የበለጠ ተጓዥ ቴአትር ከየት ይመጣል? ደግሞ የታሪክ ነገር እንዴት ያለ ነው፣ የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው «ቴዎድሮስ» የሚል ቴአትር ጻፉ። አባት አዝማሪውን ከመድረክ አስወጡ፣ ልጅ አዝማሪ ያስገደለውን ንጉሥ መድረክ ላይ አወጡ። ይህን በክፍል ውስጥ ብናገረው ጥሩ ነበር፤ ያን ጊዜ አልመጣልኝም።

ግራዚያኒም ገብቶት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ እንዲጠፉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና ባሕታውያን ብቻ ሳይሆኑ አዝማሪዎችም አሉበት። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘ ጦር ባለአንድ ክር ማሲንቆ የያዘን ሰው ሲፈራ እንግዲህ «ቅድመ ቴአትር» የሚለውን ቃል ምን ላድርገው?

የራሴንም ልንገራችሁ። 1971 ዓ.ም. መሆን አለበት፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የታወጀበት ሰሞን ነው። ዳባት፣ ከዘመዶቻችን ባንዱ ሠርግ፣ ዳስ ውስጥ ነን። አሥር ዓመት ይሆነኛል። አንድ ካድሬ በክብር ቦታ ተቀምጧል። አዝማሪው ዳሱን እየዞረ የሁሉንም ያወጣል። የስስታሙን ጉርሻ፣ የጠጪውን አረማመድ፣ የአማቲቱን እንባ። ማሲንቆውን በብብቱ ይዞ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በቃ ሰውየውን ይሆናል። ካድሬው ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ ያልፋል ብለን ስንጠብቅ፣ ቆመ። ኮቱን እንዲህ ሳብ፣ ጉሮሮውን ጠረግ፣ ግራ ቡጢውን ወደ ላይ። ምንም አልዘፈነም። ማሲንቆው ብቻ የስብሰባ መፈክር በሚመስል ዜማ ሁለቴ ጮኸ። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ካድሬው ተነሣ። አንድ ብር አወጣ፣ በምራቁ አርሶ የአዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈለት። ሳቀም። ያኔ ሁሉም ተንፍሶ አጨበጨበ።

ሌሊት ወፍ ሳይጮህ አዝማሪው ቁርስ ሳይቀምስ መሄዱን ሰማን። እናቴ «ምነው፣ ሸልሞት የለም ወይ?» ስትል አባቴ የመለሰላት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። «ብሩን ሲለጥፍለት ጣቱ ግንባሩ ላይ ቆየች» አለ።

ሌላው ቢቀር ይህቺ አገር ማላገጥን በዚህ ሥርዓት ታውቀው ነበር፤ የሚላገጥበት ሰው እዚያው ተቀምጧል። ፊት ለፊት ነው። ግሪኮችም እንዲሁ ነበሩ፤ አሪስቶፋኒስ በሶቅራጥስ ላይ ሲቀልድ ሶቅራጥስ በዚያችው በአቴና፣ ገበያ ለገበያ የሚዞር ሰው ነው። የሚላገጥበት ሰው ስላለ የሚያላግጠው ይጠነቀቃል። ማየት አለበት፤ አይቶ ትክክለኛዋን ነገር ማውጣት አለበት፤ ካልሆነ ተሰዳቢው ራሱ «ይሄ እኔ አይደለሁም» ብሎ ያሳፍረዋል። የቴሌቪዥን ሰው ግን የሚቀልድበትን ሰው ፊት አያይም። ካሜራ አይከፋውም። ያቺ በባላገር ስም የምትጎተት ቋንቋ የተወለደችው እዚያ ነው። ባላገሩ በሌለበት።

ያን ቀን ግን ነበረ። ወደ አዳራሹ ልመለስ።

ሠራተኛዋ እየጮኸች አንድ ሁለት ቀልድ ከወረወረች በኋላ ከኋላ በኩል «ተቀበል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ድምፁ ትልቅ አይደለም፤ ግን ባዶ ቦታ ማግኘት የለመደ ድምፅ ነው። ዞር ብለን አየን። ስልሳውን ያለፈ፣ ፎጣ የጠመጠመ፣ አረንጓዴ ቁምጣ የለበሰ ሰው ቆሟል። ማሲንቆ አልያዘም። የያዘው የሐኪም ቤት ካርድ ነው። በቀኝ እጁ ቀስት የሚስብ መስሎ፣ ካርዱን በብብቱ እንደ ማሲንቆ ወትፎ፣ እንዲህ አለ፦

ቤቶች ብሎ ገባ ቤቱንም ሳያውቀው፤
ባለቤቱን ደጃፍ ማነህ ሲል ጠየቀው።

እመኑኝ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ሳቅ አልነበረም። ዝምታ ነው። ቀጥሎ ከኋላ ያሉት ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ ጣሪያው የሚነሣ መሰለኝ። ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ልጅቷስ? መድረኩ ላይ ብቻዋን ናት። ሌሎቹ ከአንሶላው ጀርባ ሆነው የሚሆነውን ይጠብቃሉ። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ድርሰቱን ይቀጥል ነበር፤ ወይም ጥበቃ ይጠራ ነበር። እሷ መቀነቷን ዝቅ አድርጋ አሰረች። ያቺን የሐሰት አነጋገር ተወቻት። በራሷ ድምፅ፣ በአዲስ አበባ አማርኛ፣ «አባባ፣ ታዲያ እንዴት ልበል?» አለች። ሰውየውም እዚያው ቆሞ አሳያት። አንድ ሙሉ አረፍተ ነገር፣ የቤት ሠራተኛ ሆኖ፣ እመቤቷ ስትጠራት ከጓዳ የምትመልሰውን መልስ። አይጮህም፣ አይጎተትም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አቤት» የምትለዋ ላይ ትንሽ ዘግየት ብሎ ብቻ። እሷ ደገመችው። ተሳሳተች። አዳራሹ በሙሉ አረማት! ሦስተኛው ላይ ያዘችው። ክራረኛው ያኔ ገባውና ከሥር ሥሯ መታ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቴአትሩ ከድርሰቱ ወጥቶ ሰውየው ከኋላ፣ ልጅቷ ከፊት እየተቀባበሉ ሄዱ። ቀበሌውን፣ ስኳሩን፣ የቴሌቪዥኑን አባወራ ትከሻ ሁሉ አነሡት። እሱ ቴሌቪዥኑን ከየት እንዳየው እንጃ፤ ሻይ ቤት ይሆናል። ትከሻዋን ግን ከወጣቱ አሳምሮ ነበር ያወጣት።

እኔ ያን አሥራ አምስት ደቂቃ ማስታወሻ መያዝ ነበረብኝ። ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር ከፊቴ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ግን እንደ ሰው ሁሉ አጨበጨብኩ፣ እንደ ሰው ሁሉ ጮኽኩ፤ ግጥሞቹ ያለ ያቺ የመጀመሪያዋ በሙሉ ከጭንቅላቴ ወጥተዋል። የሚቀጥለው መስከረም የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ ላይ «ቅድመ ቴአትር» የሚለውን ሰርዤ ጉር አምባን አስገባሁ። ለዚያ ለቡርቧክስ ልጅ ግን አልደረሰለትም።

ቴአትሩ አልቆ ሰው ሲወጣ ልጅቷ የጨርቅ ቀሚሷን ሳትቀይር በጎን በር ሮጣ ወጣች። በሩ ላይ የቆምነው እኔና ባለቤቴ ነን። «ጋሼ፣ እኚያን አባባ አይተዋቸዋል?» አለችኝ። ጧት የሚነሣውን መኪና ለመያዝ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሊያድሩ ወደ ታች ሲወርዱ አይቻቸው ነበር። ያለፉት በእኔ በኩል ነው፤ «አበጁ አባቴ» ብዬ እጃቸውንም ጨብጫለሁ።

«ወርደዋል» አልኳት።

«ስማቸው ማነው?»

ባለቤቴ አየችኝ። ሳልጠይቃቸው ነው ያለፉት።

ልጅቷ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ አውቶቡስ ተራው ቁልቁል ሮጠች።